ስም በየአስር ደቂቃው

ሰው በገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሙሉ ስሙን ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለዓመታት ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ቦሌ ሚካኤል ያለውን የቤታችንን በር ሲያንኳኳ «ንጉሤ በየነ ነኝ» ይል ነበር። ልጅ አልወለድንም። እቤቱ ውስጥ የምንኖረው ሁለት ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን ነው? ብዬ ስጠይቀው፣ ደንብ ነው ይለኛል። ሲወጣም እንዲሁ ስሙን ተናግሮ ይወጣል።

ደንቡ የአማተር ራዲዮ ነው። ንጉሤ አየር ማረፊያ የራዲዮ ቴክኒሽያን ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ፈቃድ አገኘና፣ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ለወዳጅነት ብቻ የሚያወራበትን ራዲዮ ጓዳ አስገባ። ሽቦውን ጣሪያ ላይ ዘረጋ። እዚያ የሚያወራ ሁሉ የጥሪ ምልክት አለው፤ በፊደልና በቁጥር የተሠራ ስም በሉት። የእኛ አገር ምልክት በኢ እና በቲ ይጀምራል። ፊደሉ ከሌላ እንዳይምታታ «ኢኮ ታንጎ» ይባላል። ይህን ስም በየአስር ደቂቃው፣ ጨዋታው ሲያበቃም አንድ ጊዜ መናገር ግዴታ ነው። በሌላ ሰው ምልክት መናገር ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሌባ እንኳ ስሙን እየጠራ አይሰርቅም። የእኔው ግን በራዲዮው ሞገድ የጎረቤት ቴሌቪዥን ውስጥ እየገባ ስሙን ይናገራል። ጎረቤታችን ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ መንገዱ ዳር ሱቅ አለው። አንድ ቀን ድራማ ሲያዩ የንጉሤ ድምፅ «ኢኮ ታንጎ» እያለ ከች አለባቸው። ስሙን ባይናገር ማን እንደሆነ በምን ይታወቅ ነበር? ሰይድ በማግስቱ መጣ። «ጋሼ፣ ልጅቷ ልትሞት ስታጣጥር እርስዎ ገቡባት» አለው። ንጉሤ አፍሮ ሽቦውን አስተካከለ። ቴሌቪዥኑ ትንሽ ተሻለው፤ «ኢኮ ታንጎ» የሚለው ስም ግን ሰፈሩ ውስጥ ቀረበት።

አንድ ምሽት ሰልችቶኝ፣ የራስህ ስም አይታክትህም ወይ አልኩት። ማዳመጫውን ከጆሮው አነሳ።

«ስማችንን ስንደብቅ ኖረን፣ ዛሬ ተናገር ሲሉኝ ልሰስት?»

ታናሽ ወንድሙ በደርግ ጊዜ ስሙን ለውጦ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። በሌላ ሰው ስም የጠፋን ሰው ማን ብለው ይፈልጉታል? ንጉሤ ስንት ቦታ ጠየቀ፤ በየሄደበት እንዲህ የሚባል ሰው የለም አሉት። ከዚያ ወዲያ ስለ ደንቡ አልቀለድኩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንተ ሳትኖር በምልክትህ ላውራበት ብዬ ለመንኩት። ስሙ የተሰጠው ለሰው እንጂ ለቤት አይደለም፣ አይወረስም አለኝ።

እውነቱን ነው። እሱ ሲሞት ቤቱን ወረስኩ፣ ካፖርቱን ወረስኩ። ምልክቱን ግን የራዲዮ ጓደኞቹ መጥተው፣ ሽቦውን ከጣሪያ አውርደው፣ ከነፈቃዱ ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት መለሱት። ሰይድ ቴሌቪዥኔ አሁን ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግን ደስ አላለኝም አለኝ።

በአገራችን ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። እኔም እስከ ዛሬ በአባቴ ስም ነው የምጠራው። እድር ግን ሌላ አገር ነው። የተመዘገበው ባል ነው፤ ሲሞት ሚስት በእሱ ቦታ ትቀመጣለች፣ በእሱ ስም ትጠራለች። ከለቅሶው በኋላ በመጀመሪያው ስብሰባ ጸሐፊው «አቶ ንጉሤ በየነ» ብሎ ጠራ። ያን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። በምን አፌ ልመልስ? በሌላ ሰው ስም አትናገሪ ያለኝ እሱ ራሱ አይደለም? አጠገቤ የተቀመጠው ሰይድ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ይመልሱ እንጂ። ጋሼን ቀሪ ይሏቸዋል።»

«አቤት» አልኩ።

እንዲህ እያልኩ ከረምኩ። ባለፈው ወር አዲስ ጸሐፊ ተመረጠ፤ የተማረ፣ ትሁት ሰው ነው። ስሙን ወደ እርስዎ እናዙረው ወይ፣ ሰው በራሱ ስም ቢጠራ ይሻላል አለኝ። ልክ ነው። ንጉሤ ቢሰማው እስክሪብቶውን ራሱ ያቀብለው ነበር። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ምልክቱ ተመልሷል። በአባትነት ስሙን ይዞ የሚጠራ ልጅ የለም። እዚህ ከተዛወረ፣ «ንጉሤ በየነ» የሚል ድምፅ በዚህ ከተማ ከየት ይመጣል?

«ይቆይልኝ» አልኩት። ሰይድም ቀበል አድርጎ የኢኮ ታንጎን ስም ማንም እንዳይነካው አለ። የሚያውቁት ሳቁ።

ደንብ መጣሴን አውቃለሁ። የተገናኘን ዕለት ይቆጣኛል። መልሴን ግን ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ፦ የአንተ ደንብ በየአስር ደቂቃው ነበር፤ እድሩ ላላ ያለ ነው፣ በወር አንዴ ይበቃዋል።