ውሃ ጠጥተው፣ ሽንት ይዘው ይምጡ

የኛ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያማክረው እፍረቱን ነው። ራስ ምታት ከሆነ ችግር የለም፤ ግንባሩን በሻሽ ጠፍሮ ደጃፉ ላይ ይቀመጥና አላፊ አግዳሚው «ምነው?» እስኪለው ይጠብቃል። ሕመሙ ከእምብርት ወረድ ያለ እንደሆነ ግን ጉድ ፈላ! «ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። እዚህ አገር ብርድ ያልተሸከመልን ነውር ያለ አይመስለኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እኮ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሌላውን ሰው ስንመክር ማለቴ ነው።

እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። ሽንቴ ደም መስሎ የወረደ ሰሞን ባለቤቴ የሺ መጸዳጃ ቤት ገብታ አየችና አፋጠጠችኝ። «ቀይ ሥር በልቼ ነው» አልኳት። «ቀይ ሥር? እዚህ ቤት ቀይ ሥር ከገባ ስንት ዘመኑ! ወይስ ሌላ ቤት አለህ?» አለችኝ። ሌላ ቤት አለው ከመባል ታሟል መባል ይሻላል ብዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

የሽንት ፊኛ ካንሰር ነው ተባለ። አዲስ አበባ ላኩኝና እብጠቱ ወጣልኝ። ከዚያ በኋላ ግን ሽንቴ በራሱ አልወርድ ብሎ በቱቦ ከጎኔ ወደተንጠለጠለ ከረጢት ሲንቆረቆር ከረመ። ከረጢቷን በጋቢ ሸፍኜ እዚሁ ሐረር ፈላና በር አካባቢ ወዲህ ወዲያ ስል አንዱ የሰፈራችን ሰው «ጋሽ ታደሰ፣ ምን ደብቀህ ነው? ጫት ከሆነ አካፍለና አቦ!» አለኝ። «ለዚህስ አትቸኩል» አልኩት። ሰው በደጉ ቀን ከሚስቀው ይልቅ በክፉ ቀን የሚስቀው ሳይበልጥ አይቀርም፤ እናንተም አስታውሱና ፍረዱ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቱቦው ወጣ። ዶክተሩ ግን አንድ ነገር ጣል አድርጎ ሸኘኝ። «በየጊዜው በአልትራሳውንድ እናያለን፤ ተመልሶ ከበቀለ ፊኛው ራሱ መውጣቱ ነው፤ ያኔ ከረጢቱ የዕድሜ ልክ ይሆናል» አለ። የዕድሜ ልክ እስራት እንኳ ይግባኝ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌም ምግቤም ይቺን ቀጠሮ መጠበቅ ሆነ። ለየሺ አልነገርኳትም፤ እሷም እንደማታውቅ ሆና አብራኝ ጠበቀች።

ቀኑ ደረሰ። ትእዛዙ «ውሃ በደንብ ጠጥተው፣ ሽንት ይዘው ይምጡ» የሚል ነው። ሐረር ውስጥ በጀሪካን ውሃ ስንጠብቅ ያረጀን ሰዎች አንድ ሊትር ውሃ በአንዴ ሆድ ውስጥ መጨመር ብክነት ይመስለናል። የሺ ግን እላዬ ላይ ቆማ «ጨርሰው!» ትለኛለች። ለጸበል እንኳ እንዲህ አላስጨነቀችኝም። ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ። የሐረርን ድንጋይ ንጣፍ ሽንት ሳትይዙ ረግጣችሁት ከሆነ አታውቁትም። ሹፌሩን «ቀስ በል የኔ ልጅ» ብለው «አባባ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ይቆማል» አለኝ።

ክሊኒኩ ስደርስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሁለት ሰዎች እግራቸውን አነባብረው፣ እንደ ፎቶ ተነሺ ደርቀው ተቀምጠዋል። ገና ሳያቸው የሙያ ባልደረቦቼ መሆናቸውን አወቅሁ። አንዱ በቀደመው ቀጠሮ የተዋወቅኋቸው ሐጂ ዩሱፍ ናቸው፤ የጀጎል ሰው፣ በዕድሜ ከኔ የሚበልጡ፣ ይህን በሽታ ለዓመታት ተሸክመው የኖሩ ሰው። ሌላው ጡረታ የወጡት ሻምበል ግርማ ናቸው፤ ለምርመራ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። እኔም እግሬን አነባብሬ ሦስተኛ ሆንኩ።

ሲስተር ሀያት በሩን ከፈት አድርጋ «ሽንት የያዘ ይግባ!» አለች።

«ሐጂ፣ ይቅደሙ» አልኩ።

«ወላሂ አልቀድምህም! አንተ ግባ።»

«ኧረ በማርያም! ታላቄ እያሉ?»

«እንግዲያው ሻምበል ይግቡ፤ አገር የጠበቁ ሰው ናቸው» አሉ ሐጂ።

«የለም፣ ወታደር ተራ ያከብራል» አሉ ሻምበል።

ሲስተር በሩን ዘጋች። ተመልሳ ከፈተች። እኛ አሁንም በወላሂና በማርያም መሐል ነን። እንዲህ ስንገባበዝ እኮ ሠርግ ቤት ደጃፍ የደረስን እንጂ፣ ሊፈነዳ የደረሰ ሆድ ይዘን አግዳሚ ወንበር ላይ የምንቁለጨለጭ አንመስልም። በመጨረሻ ልጅቷ ትዕግሥቷ አለቀ። «አባቶቼ፣ መከባበሩ ይቆየንና አንዳችሁ አሁን ካልገባችሁ ሦስታችሁም ከምሳ በኋላ ናችሁ!» አለች።

ከምሳ በኋላ! ሻምበል ተነሡ። ጀግና አይጠፋም ብለን በዓይናችን ስንሸኛቸው የምርመራውን በር አልፈው፣ ኮሪደሩን ጨርሰው፣ ሽንት ቤት ገቡ። ፊታቸው በርቶ ተመለሱና ቁጭ ብለው የውሃ ጠርሙሳቸውን እንደ አዲስ ከፈቱ።

ሐጂ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «አታስቁኝ አቦ! አታስቁኝ፣ እፈሳለሁ!» እያሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በጣም ተጠንቅቄ። ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ወደኔ ዞሩና «እውነቱን እናውራ። ይሄ መከባበር ነው እንዴ? እኔ ፈርቼ ነው። አንተስ?» አሉኝ።

«እኔም ፈርቼ ነው» አልኩ። ለሚስቴ ያልተናገርኩትን ለሐጂ ተናገርኩ።

ሻምበል ውሃቸውን ጎንጨት አደረጉና «እኔ ከሁለታችሁም የባስኩ ፈሪ ነኝ» አሉ።

«በል ግባ» አሉኝ ሐጂ። «እዚህ ብንጎለት የበቀለው አይነቀል፣ ያልበቀለው አይበቅል። ቢስሚላህ በል፣ ካልሆነም ያንተን በል፤ ብቻ ግባ!»

ያንተን በል ባሉኝ በኩል አማተብኩና ገባሁ። ሱሪህን ዝቅ አድርግ ተባልኩ። ወጣቱ ዶክተር ቀዝቃዛ ነገር ሆዴ ላይ ቀብቶ መሣሪያውን ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ልክ ፊኛዬ ላይ ይጫነዋል። ስክሪኑን ያያል፣ ዝም ይላል። ሐኪም ዝም ሲል ታማሚ ቅንድብ ማንበብ ይማራል። አንዴ ቅንድቡን ወደ ላይ ሲያደርገው ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ተረት ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፤ ተረት የሚሉት ነገር እኮ ሰዓት አያውቅም።

«ንጹህ ነው ጋሼ። ምንም የለም።»

«ምንም?»

«ምንም!»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ያለቀስኩት በዓይኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዶክተሩ መሣሪያውን ይዞ ወደ ኋላ ሲዘል ነው የገባኝ። ሲስተር ሀያት ወደ ግድግዳው ዞራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ላቁመው ብል የት አባቱ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ይቅርታ ልጆቼ» ስል ዶክተሩ «ኧረ ጋሼ፣ ስንት ወር በቱቦ ሆነው በራሱ እንዲወርድ የለመኑት ነገር አይደለም እንዴ? ይውረድ እንጂ!» አለኝ። እውነቱን ነው። በእፍረቴና በደስታዬ መሐል ተኝቼ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ሐጂ ወሬው ሲደርሳቸው ከፌስታላቸው ውስጥ አንድ ሽርጥ መዘው ላኩልኝ። «እኔ ያለ መለዋወጫ ከቤት አልወጣም» አሉኝ ስወጣ። ለራሳቸው ያመጡትን ለኔ ሰጥተው፣ የራሳቸው ውጤት ሳይታወቅ ነው እንግዲህ። ከዚያ ተራቸውን ገቡ። ቆሜ ጠበቅኋቸው። «አልሐምዱሊላህ፤ እንደነበረው ነው፣ አልጨመረም» እያሉ ወጡ። ለካ እንደነበረ መገኘትም ደስታ ነው! ሻምበልም ከምሳ በኋላ ታይተው ጠጠር ብቻ ተገኘላቸው፤ ጠጠር አለብህ ተብሎ እንደሳቸው የፈነጠዘ ሰው አላውቅም።

እኔ የሐጂን ሽርጥ አገልድሜ፣ ሱሪዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ቤቴ ደረስኩ። የሺ በር ላይ ቆማለች። ሽርጡን አየች፤ ፌስታሉን አየች።

«ምን አሉህ?»

«ንጹህ ነው አሉኝ።»

ግድግዳውን ተደገፈች። ሽርጡን በጣቷ እያሳየች «ይሄስ ምንድን ነው?» አለች።

«ደስ ሲለኝ... አመለጠኝ።»

«በራሱ? ያለ ቱቦ?»

«ያለ ቱቦ።»

እልልታዋን አቀለጠችው! ግቢው ሁሉ ወጣ። «ምን ተገኘ? ማን ተዳረ?» እያሉ ከበቡን። እኔ በዓይኔ ጠቀስኳት፣ በክርኔ ጎሸምኳት። የሺን ደስታ አደንቁሯታል።

«ታደሰ ሱሪው ላይ ሸና!» አለች።

ሁሉም ሽርጤን አየ። ከዚያ ከረጢቴን ስጎትት ስንት ወር ያየችኝ ጎረቤታችን አሚና እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ «አልሐምዱሊላህ! እንኳን ደስ አላችሁ!» አለች። እሷን ተከትሎ ትልቁም ትንሹም «እንኳን ደስ ያለህ ጋሽ ታደሰ!» እያለ በየተራ ጨበጠኝ፤ የሳመኝም አለ።

አንድ እጄን ለሰላምታ ዘርግቼ፣ በአንድ እጄ ሽርጤን ጨብጬ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?