እያንኮራፉ እንቅልፍ ማጣት

ጤና ከራስ ቤት ይጀምራል የሚለውን ታላቅ ሐሳብ መጀመሪያ ያሰበው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በሚያምር ጽሕፈት ተጽፎ፣ በመስታወት ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግን በአንድ የተፈጥሮ ጤና ማዕከል የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ነው። ከሥሩ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። በየቀኑ እናቶች እንቅልፍ እምቢ ያላቸውን ልጆቻቸውን ይዘው እዚያ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ሁሉም የሚፈልጉት አንዲት ባለሙያን ነው።

ስለዚህች ባለሙያ የሚነገረው ሁሉ እውነት ነው። ያለ ክኒንና ያለ መርፌ፣ በሞቀ ውሃ፣ እግር በመዳበስና በለሰለሰ ድምጿ ብቻ የከተማውን ልጆች አስተኝታለች። አንድ ቀን ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ ከበሩ ውጪ ሆኖ ድምጿን ሲሰማ መፍቻውን እንደጨበጠ እንቅልፍ ወስዶታል።

ባለሙያዋ ሥራንና የቤተሰብን ጤና አመጣጥኖ ስለመምራት በየመድረኩ ንግግር ታደርጋለች። እሷ ራሷ ሚዛኑን የጠበቀችበት ዘዴ ሊደነቅ ይገባዋል፤ ሥራውን እሷ ይዛ ቤተሰቡን ለአማቷ ሰጥታለች። ለቤቱ መመሪያ ማውጣት ግን አልዘነጋችም። ማቀዝቀዣው በር ላይ “ስኳር ጠላት ነው” የሚል ማሳሰቢያ ለጥፋለች። አማትየው “መነጽሬ ሲገኝ አነበዋለሁ” ብለው የስኳሩን ዕቃ እዚያው ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀምጠውታል።

ማታ ቤት ስትገባ ስልኳ አብሯት ይገባል። “ባለሙያ፣ ልጄ አልተኛ አለኝ” ይላል ስልኩ። እሷም ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ለሰው ልጅ የሚነገረውን ሁሉ በዚያ ድምጿ ትናገራለች። የራሷ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ድንቡሼ የምትባለው የስምንት ዓመት ልጅ፣ አልጋዋ ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ኮሪደሩን ታዳምጣለች። አባትየው መሬት ቀያሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ይመጣና ተረት ሊነግራት አጠገቧ ጋደም ይላል። “አንድ አንበሳ ነበረ” ይላል። ከዚያ በኋላ አንበሳው ምን እንደሆነ ለማወቅ አልተቻለም፤ አባትየው ተኝቷል።

እንግዲህ ማታ ያልመጣ እንቅልፍ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ድንቡሼ ትምህርት ቤት፣ በተለይ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ መተኛት ጀመረች። መምህርቷ አማትየውን አስጠራቻቸው።

“እናቷ ለምን አልመጡም?”

“ሥራ ላይ ናት።”

“እንግዲያው ማዕከሉ ያለችው ባለሙያ ጋ ይውሰዷት። ክፍላችን ውስጥ እሷ ያላየችው ልጅ የለም፤ የቀረችው የእርስዎ ብቻ ናት።”

“አውቃታለሁ” አሉ አማትየው። “ማታ ማታ ኮሪደር ላይ እንተላለፋለን።”

መምህርቷ ጎረቤታሞች መስለዋት ደስ አላት።

ድንቡሼና አያቷ ማዕከሉ የደረሱት በክፉ ሳምንት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለአዲሱ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሊመርጡ ባለሙያዎቹን እየዞሩ ይገመግማሉ። ባለሙያዋ ይህን ቦታ ስትመኘው ቆይታለች፤ ሊሰጣት እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ቀን እሷ ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ዘመድ ወረፋ እየዘለለ ማዕከሉን ባስቸገረ ጊዜ “ባለሙያ ሥራ ላይ ዘመድ የለውም” የሚለውን መመሪያ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች ከጥበቃው ጀምሮ የማያውቅ የለም። መመሪያው ግን መመሪያ ነው።

“እማዬ” አለች ድንቡሼ ገና ከበሩ።

ባለሙያዋ ጥግ ወደተቀመጡት ሰው ሰረቅ አድርጋ አየች። “እዚህ ባለሙያ ነው የምባለው” አለች፣ በዚያ በለሰለሰ ድምጿ።

ድንቡሼ ክው አለች። ይህ ድምፅ ለእሷ ተነግሯት አያውቅም፤ ቤት ውስጥ የምታውቀው “ጫማሽን አውልቂ” የሚለውን ነው።

“እርስዎ የልጅቷ ምን ነዎት?” አለች ባለሙያዋ።

“አያቷ ነኝ” አሉ አማትየው ወንበሩ ላይ እየተመቻቹ። “አንቺስ ምኗ ነሽ?”

ባለሙያዋ ይህን አልሰማችም። ወደ ልጅቷ ዞረች። “ማታ የሚያስተኛሽ ማን ነው?”

“አባዬ። ግን የሚተኛው እሱ ነው።”

“እናትሽስ?”

“ኮሪደር ላይ ናት።”

“እዚያ ምን ትሠራለች?”

“የሰው ልጆች ታስተኛለች።”

ሥራ አስኪያጁ በረጅሙ ተነፈሱ። “አንዳንድ እናቶች” አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባለሙያዋ የዓመታት ልምዷ እንዳስተማራት ወሰነች። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። እናትየው ማታ ስልኳን ዘግታ ከአልጋው ጎን ትቀመጥ፣ እግሯን ትዳብስላት፣ ተረት ጀምራ ትጨርስላት።

“ጥሩ ብለሻል” አሉ አማትየው። “ማን ይንገራት?”

“ይደወልላት” አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ረዳቷ ደወለች። ጠረጴዛው ላይ የባለሙያዋ ስልክ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፁ ስለተዘጋ እያጉረመረመ ወደ ጠርዙ ተሳበ። ባለሙያ ታካሚ ይዞ ስልክ እንዳያነሳ ተከልክሏል፤ ስለዚህ አላነሳችም። ሥራ አስኪያጁ ለዚህ ሥነ ሥርዓቷ በአድናቆት አዩአት።

“አታነሳም” አለች ረዳቷ።

“ድገሚ።”

ስልኩ ጠርዙ ላይ ደርሶ ሊወድቅ ሲል አማትየው በመዳፋቸው ያዙት።

“አሁንም አታነሳም።”

“ግድ የለሽ እናት ናት” አሉ ሥራ አስኪያጁ። “እንዲህ ያለችዋን መጠበቅ አያስፈልግም። ባለሙያ፣ ማታ ማታ ልጅቷ ቤት ሄደሽ ሕክምናውን አንቺው ስጪ። ልጅቷ ከዳነች ቅርንጫፉ የሚያጠያይቅ አይሆንም።”

በዚሁ ውሳኔ መሠረት ባለሙያዋ ገና ሳይመሽ በማዕከሉ መኪና ወደ ራሷ ቤት ተላከች። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በሩን አንኳኳች። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ የታካሚ ቤት በቁልፍ አይገባም።

“ማን ልበል?” አሉ አማትየው ከውስጥ።

“ከጤና ማዕከሉ ነው።”

“ግቢ ልጄ። የቤቱ እመቤት የለችም፤ ሥራ ላይ ናት።”

ታካሚ ቤት ስልክ ይዘጋል፤ ዘጋችው። ከአልጋው ጎን ተቀምጣ ትንሽ እግር ጭኗ ላይ አድርጋ መዳበስ ጀመረች።

“ባለሙያ” አለች ድንቡሼ፣ “አንበሳው ምን ሆነ?”

“የቱ አንበሳ?”

“የአባዬ።”

ባለሙያዋ ስለዚህ አንበሳ ምንም መረጃ አልነበራትም። ቢሆንም ጫካ አስገባችው፣ አስራበችው፣ ከጦጣ ጋር አጣላችው። ጦጣዋ ገና ዛፍ ሳትወጣ ድንቡሼ ማንኮራፋት ጀመረች። ሕክምናው መሥራቱን ለማረጋገጥ ባለሙያ ጥቂት መቆየት አለበት። እሷም ቆየች፤ የመኪናው ሹፌር ከውጭ ክላክስ ሲያደርግ ጭንቅላቷን ከልጅቷ ትራስ ላይ አነሳች። ሳምንቱን ሙሉ ይኸው ሆነ። አንበሳው አግብቶ ወለደ።

የውጤት ቀን አዳራሹ ሞላ። የቅርንጫፉ ቁልፍ በሪባን ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የቀረው ድንቡሼ መዳኗን በራሷ አንደበት መመስከር ብቻ ነው። ከኋላ መደዳ ከአያቷ ጋር ተቀምጣ ታንሾካሹካለች።

“እማማ፣ ከዳንኩ ባለሙያዋ ትመጣለች?”

“የዳነ ሰው ቤት ምን ልትሠራ? ቅርንጫፉ ደግሞ ሩቅ ነው።”

ድንቡሼ ይህን ስታላምጥ ስሟ ተጠራ። ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ጥርት ብሏል፤ እንደ እሷ ጠግቦ የተኛ ልጅ በአዳራሹ አልነበረም።

“እህ፣ የእኔ ቆንጆ” አሉ ሥራ አስኪያጁ። “እንቅልፍ እንዴት ነው?”

ልጅቷ ባለሙያዋን አየቻት። “አይመጣም” አለች።

አማትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። “አንቺ ግን ታንኮራፋለች ብለሽኛል።”

“ታንኮራፋለች።”

“የሚያንኮራፋ ሰው እንዴት አልተኛም ይባላል?”

ባለሙያዋ ቁልፉን አየችው። አንድ ቃል ብትናገር የእሷ ነው፤ የልጅ ውሸት ለማጋለጥ ደግሞ ከእሷ የበለጠ ማስረጃ ያለው ሰው የለም። ከዚያ ድንቡሼን አየቻት። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ እየጠመዘዘች ነው።

“ይሄ ከባድ ዓይነት ነው” አለች ባለሙያዋ በለሰለሰ ድምጿ። “ታማሚው ያንኮራፋል እንጂ አይተኛም። ረጅም ክትትል ይፈልጋል። በየማታው።”

“እስከ መቼ?”

“ሲያድጉ የሚተዋቸው አሉ።”

“ቅርንጫፉስ?”

“ቅርንጫፉን ሌላ ሰው ይያዘው።”

ቁልፉ ከነሪባኑ ከሌሎቹ ለአንዱ፣ ለእሽት ባለሙያው ተሰጠ። ሥራ አስኪያጁ ኃዘናቸውን ገልጸው፣ ማዕከሉ በሳይንስ የማይታወቅ በሽታ በማግኘቱ ግን እንደሚኮራ ተናገሩ። ሰው አጨበጨበ። አማትየውም አጨበጨቡ፤ በኋላ ቤት ሲደርሱ “ድሮስ መነጽር የሌለው ሰው ይሻላል” ብለው ሻያቸው ውስጥ ስኳር ጨመሩ፣ ባለሙያዋም አይታ ማንኪያ አቀበለቻቸው።

በሽታው ተላላፊ መሆኑ የታወቀው ዘግየት ብሎ ነው። መጀመሪያ የቅጠላ ቅጠል ቀማሚዋ መንትዮች ተያዙ። ቀጥሎ የሹፌሩ ልጅ፣ ከዚያ የረዳቷ፣ ከዚያ የጥበቃው። ወላጆቹ ሁሉ ለክትትል ሲሉ ገና ሳይመሽ ከሥራ ለመውጣት ተገደዋል። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛ ሰብስበው ወረርሽኙ የማዕከሉን ሥራ እንደጎዳ በምሬት አስረድተው ነበር። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን እሳቸውም ካፖርታቸውን ይዘው በጊዜ ይወጣሉ። በሽታው የሳቸውንም ልጅ ይዞታል። ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።