ወይዘሮ ቨርሊን ዘመስኮት ቁጥር ሁለት

በመስኮት ቁጥር ሁለት ፊት ለቆማችሁ፣ ነገ ለምትቆሙና ቆማችሁ ለቀራችሁ ሁሉ የወጣ አዋጅ! የወረዳችን የሁለት ዓመት ኮሌጅ የድጎማ ክፍል ዘበኛ፣ የቅጾች ሁሉ እናት፣ የክቡ ማኅተም ባለቤት፣ የጎደለ ወረቀት አዳኝ ክብርት ወይዘሮ ቨርሊን ስቴሚ፣ ከመስኮቱ ደፍ በላይ የሚታየው ቁመታቸው አንድ ክንድ የማይሞላው፣ መነጽራቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት፣ ዛሬም እንደ ወትሮው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የመጣውን ሕዝብ ወደመጣበት ለመመለስ የተዘጋጁ መሆናቸው ይታወቅ።

እኚህን ሴት አላውቃቸውም የሚል ካለ ይዋሻል። መስኮት ባለበት አገር ሁሉ አሉ። አንዳንዱ ቦታ ቀጭን ናቸው፣ አንዳንዱ ቦታ ወፍራም፤ አንዳንዱ ቦታ ጢም አላቸው። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ይዘህ የመጣኸውን ወረቀት ትተው ያልያዝኸውን ማየት። አሥር ወረቀት ብታመጣ አሥራ አንደኛውን ይጠይቁሃል። አሥራ አንደኛውን ይዘህ ስትመለስ አሥሩ ጊዜያቸው አልፎባቸዋል። የእኛዋ ደግሞ አመል አላቸው። ወረቀቱን በአንድ ጣት ወደ አንተ ገፋ ያደርጉና፣ መዝሙር እንደሚያስጀምር ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "አንድ ነገር ይቀራል፣ ማሬ" ይላሉ። እንደ እሳቸው "ማሬ" ጉሮሮዬን የከረከረኝ ቃል የለም።

ከፊቴ ቆመው ሲመለሱ ካየኋቸው ሰማዕታት ጥቂቱን ልጥቀስ።

አቶ ኤልበርት ሁፍማን የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ሒሳብ አያያዝ ሊማር የመጣ፣ የድጎማ ማመልከቻውን ሞልቶ ሰጣቸው። ቅጹ "እርስዎን ጨምሮ በገቢዎ የሚተዳደሩ የቤተሰብዎ አባላት ስንት ናቸው?" ይላል። ኤልበርት "ስድስት" ብሏል።

"ሚስትህን አውቃታለሁ። ልጅ የላችሁም። አራቱ እነማን ናቸው?" አሉት ወይዘሮ ቨርሊን።

"ዱክ፣ ቤል፣ ራስቲና ትንሿ ፐርል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ውሾችህን ነው የጻፍከው?"

"ከግማሽ በላይ ኑሯቸውን የሚችሉላቸው ይላል እኮ ከሥር! እኔ ሙሉውን ነው የምችለው። ቤል ራሷን ችላ የምትኖር መስሎዎታል?"

ሰልፉ በሳቅ ተንከተከተ። እሳቸው አልሳቁም። "ቤልን ወደዚህ አምጣትና የልደት ወረቀቷን ልይ" ብለው መለሱት። ኤልበርት እስከ ዛሬ ቀልድ ይሁን እውነት አልገባውም።

ኦዴሳ ሴትዘር የምትባል የብየዳ ተማሪ ደግሞ በመጻሕፍት ድጎማዋ ከኮሌጁ መደብር የኮሌጁ ስም ጀርባው ላይ የተጻፈበት ጃኬት ገዝታ፣ ደረሰኙ አልመዘገብ ሲላት መጣች። ወይዘሮ ቨርሊን መነጽራቸውን አጥልቀው ጃኬቱን ከአንገት እስከ ወገብ አዩት።

"ስንት ገጽ ነው?" አሉ።

"ምኑ?"

"መጽሐፉ።"

"ኧረ ወይዘሮ ቨርሊን፣ ጽሑፍ እኮ አለበት!"

"አንድ መስመር። እሱንም ጨርሰሽዋል። ሂጂ መልሺና ስለ ብረት የሚያወራ ነገር ይዘሽ ነይ።"

እንዲህ ናቸው። እኔም ሮይስ ክሎንትዝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ወንበር ስሠራ ኖሬ ፋብሪካው ሲዘጋ በአርባ አራት ዓመቴ ማቀዝቀዣ መጠገን ልማር የገባሁት፣ እኚህን ሴት ከእሑድ በቀር በየቀኑ ስረግማቸው ከርሜአለሁ። አሁን የራሴን ልናገር።

ትምህርቱን ያስጀመረኝ ወንድሜ ጋርላንድ ነው። እሱ በዚያው ፋብሪካ የቫርኒሽ መርጫ ክፍል ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ፋብሪካው ሲዘጋ እኔ ጡረታ የሌለው ወገብ፣ እሱ ደግሞ የማይሠራ ሳንባ ይዘን ወጣን። እኔ ቤት ነበር የሚኖረው። "ወንበር ተውና ፍሪጅ ተማር" አለኝ አንድ ቀን የኦክስጅን ቱቦውን አፍንጫው ላይ እያስተካከለ። "ሰው መሬት ላይ ይቀመጣል። የሞቀ ቢራ ግን አይጠጣም።" ሳቅሁ፤ እሱም ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው። በማግስቱ ተመዘገብሁ።

ሁለት መንፈቅ በደህና አለፍሁ። በሦስተኛው ጋርላንድ ባሰበት። ቤት ዋልሁ። ለመምህራኑ አልተናገርኩም፤ ምን ብዬ? በሚያዝያ ሞተ። በግንቦት ውጤት መጣ፤ አራት ትምህርት፣ አራት ውድቀት። በሰኔ ድጎማዬ መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። የቀረኝ ሁለት መንፈቅ ነው፤ ድጎማው ከሌለ ግን አንድ ቀንም መማር አልችልም። አንድ መንገድ ብቻ ነበረ፤ ይግባኝ። ኮሚቴ ያየዋል፤ ውድቅ ካደረገው በዚያው አለቀ። የመጨረሻው ቀን ዓርብ፣ እኩለ ቀን።

የይግባኙ ቅጽ ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛ፦ ምን ሆነ? ሁለተኛ፦ አሁን ምን ተለወጠ? ከሁለተኛው ሥር በትንንሽ ፊደል፣ "ለትምህርትዎ እንቅፋት የሆነው ችግር መወገዱን ያስረዱ" ይላል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ያረቀቀው ሊቅ ማን እንደሆነ አላውቅም። ደህና ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዳረቀቀው ግን አልጠራጠርም፤ ምናልባት እኔ የሠራሁት ወንበር ነው። እንቅፋቱ ወንድሜ ነበር። ተወግዷል። ይህን በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ቀን ጽፌበት፣ በሁለት ቅጂ አስገብቼ ድጎማ ልቀበል ነው?

አልጻፍሁም። በምትኩ ሦስት ገጽ ውግዘት ጻፍሁ። ኮሌጁን "ድሃ የሚወቀጥበት ሙቀጫ" አልሁት። ኮሚቴውን "በማይታወቁ ሰዎች የታወቀ ጭካኔ" አልሁት። በዚህች መስመርማ ኮርቼ ነበር። የጋርላንድን የሞት የምስክር ወረቀት ከኋላው አያይዤ ሰኞ ጠዋት መስኮት ቁጥር ሁለት ደፍ ላይ ጣልሁት።

ወይዘሮ ቨርሊን ሦስቱንም ገጽ አነበቡ። ሰልፉ ከኋላዬ እስከ በሩ ደርሷል። ወረቀቱን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት።

"አንድ ነገር ይቀራል፣ ማሬ።"

"ምን? ሁሉም አለ! ማስረጃው አለ፣ ፊርማው አለ!"

"ወንድምህ" አሉ። "ኮሚቴውን አሥራ አራት ጊዜ ጠርተኸዋል፤ ቆጥሬአለሁ። ጋርላንድን አንድ ጊዜም አልጠራኸውም።"

በሩን በርግጄ ወጣሁ።

ረቡዕ ተመለስሁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ "ወንድሜ ሞተ" ብዬ፣ ለሁለተኛው "ምንም አልተለወጠም" ብዬ ነበር። እሱም እውነት ነበር፤ ጫማው በር ላይ፣ የጥርስ ብሩሹ እንደቆመ፣ ወንበሩ ባለበት ነው።

"ይኼን ይጥሉታል" አሉኝ።

"ይጣሉት!"

"አንተ ትምህርትህን ስትፈልግ እነሱ ለምን ይጣሉት?"

"እርስዎ ሰው ቀብረው ያውቃሉ?" አልሁ ጮኼ። ከኋላዬ የተሰለፈችው ኦዴሳ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

ወይዘሮ ቨርሊን መነጽራቸውን አወለቁ። "ቀብሬ አውቃለሁ" አሉ። "ቅጹ ግን ስለ እኔ አይጠይቅም።" ከዚያም ወረቀቱን ገፋ አደረጉት።

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ያንኑ ወረቀት ይዤ ቆምሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነበር። የረቡዑን መልስ ፍቄ፣ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። መለሱኝ ብዬ ስጠብቅ፣ ወይዘሮ ቨርሊን "ተዘግቷል" የሚለውን ሰሌዳ መስኮቱ ላይ አቆሙት። ሰልፉ አጉረመረመ። የጎን በሩ ተከፈተና ብቅ አሉ። ከወገብ በታች እግር እንዳላቸው የኮሌጁ ሕዝብ ያን ዕለት አወቀ። መጥተው ከጎኔ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አዲስ ቅጽ ጭኔ ላይ አደረጉልኝ።

"እርስዎ ይጻፉልኝ" አልሁ።

"አይፈቀድልኝም።"

"እንግዲያው ምን ሊያደርጉ መጡ?"

"ልጠይቅህ። ሌሊት ትተኛለህ?"

"እተኛለሁ።"

"ያኔስ? እሱ እያለ?"

"ያኔማ ማን ያስተኛኛል? ሲያስል እነሳለሁ። ካላሳለም ለምን አላሳለም ብዬ እነሳለሁ።"

"አሁንስ?"

"አሁን የሚያስል የለም።"

በጣታቸው ባዶውን ቦታ ነኩት። "እሱን ጻፍ።"

"እንዴት አድርጌ? ደስ ያለኝ ይመስላል።"

"አይመስልም" አሉ። "የሚያነብ ሰው ካለ አይመስልም። ስማኝ ሮይስ፤ እነሱ አንድ ጊዜ ነው የሚያዩት። እኔ የመለስሁት ወረቀት ነገ ይመጣል። እነሱ የመለሱት ወረቀት ተመልሶ ሲመጣ እስካሁን አላየሁም።"

ያን ጊዜ ነው ዓመት ሙሉ ስሰድብ የኖርሁት ነገር ምን እንደነበረ የገባኝ። ለመናገር ግን ጊዜ አልነበረም። ወረቀቱ ጭኔ ላይ እንዳይሸሽ ጥግ ጥጉን በሁለት መዳፋቸው ያዙልኝ። "አሁን ቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው የለም። ሌሊቱን እተኛለሁ። ጠዋት ክፍል መግባት እችላለሁ" ብዬ ጻፍሁ። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ አጭሩና የጠላሁት እሱ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማኅተሙን መቱበት። የሚቀር ነገር አለ አላሉኝም።

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። ይግባኜ ተቀባይነት አግኝቷል። ደብዳቤው ስሜ በሌላ ዓይነት ፊደል የተሞላበት፣ የቀረው ሁሉ ቀድሞ የታተመ ነበር። "ለትምህርትዎ እንቅፋት የነበረው ችግር መወገዱን ኮሚቴው የተቀበለው በታላቅ ደስታ መሆኑን እንገልጻለን" ይላል።

ወጥ ቤት ቆሜ አነበብሁት። በታላቅ ደስታ። ጋርላንድ በመወገዱ። ሁለት ጊዜ አንብቤው ሦስተኛውን መጨረስ አቃተኝ፤ ቁጭ ለማለት ስፈልግ ባዶ የነበረው ወንበር የእሱ ብቻ ነው፤ አልተቀመጥሁም።

ሰኞ ደብዳቤውን ይዤ መስኮት ቁጥር ሁለት ሄድሁ። ምን ፈልጌ እንደሄድሁ አላውቅም። አንድም ቃል ሳልናገር ደፉ ላይ አኖርሁት። ወይዘሮ ቨርሊን አነበቡት። ያቺ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ስርዝ ያለባትን ወረቀት ከማንም ያልተቀበሉት ሴት፣ እስክሪብቷቸውን አነሱና "በታላቅ ደስታ" የሚለውን ሰረዙት። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ። ከጎኑ ፈረሙ፣ ቀን ጻፉ፣ ማኅተም መቱ፣ ቅጂ አንሥተው ፋይሌ ውስጥ ከተቱ።

"የኮሚቴው ሰዎች ሲያነቡት ይናደዱብዎታል" አልኋቸው።

"አያነቡትም" አሉ። "በል፣ ተራ አትዝጋ። ቀጣይ!"

አሁን ክፍል ገብቼ የፍሪጅ መጭመቂያ ሞተር እፈታለሁ። በመስኮቱ አጠገብ ሳልፍ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ እሳቸው ቀና ብለው አያዩኝም፤ አንድ ምስኪን እየመለሱ ነው። ደግ አደረጉ።

አንተም አንባቢዬ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ ትቀመጥ ይሆናል። መሳቢያህ ውስጥ ቀድሞ የታተመ፣ ስም ብቻ የሚሞላበት ደብዳቤ አለህ፤ እንዳትክደኝ። ነገ ጠዋት አንዱን መዘህ የሰው ስም ከመሙላትህ በፊት፣ ሰውየው ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቆሞ እንደሚያነበው አስበህ አንዴ ጮክ ብለህ አንብበውና፣ እባክህ፣ እንደ "በታላቅ ደስታ" ያለች ቃል ላይ ስትደርስ እስክሪብቶህን አንሣ።