ለምልዓተ ጉባኤ የተፈለጉት ሴትዮ

የእግር ኳስ ክለቡ የሠራተኞች ተሳትፎና የአካባቢ ሥራ ዕድል ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወር በገባ በ14ኛው ቀን
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡10 ላይ ተጀመረ
ቦታ፦ ከመቀመጫዎቹ ሥር፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለው ክፍል (የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ስለሆነ)

የተገኙ፦
1. የክለቡ ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ ሰብሳቢ
2. የሕግ አማካሪው፣ አባል
3. የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊዋ፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ የሠራተኞች ተወካይ
4. የደጋፊዎች ማኅበር ተወካዩ፣ በቅጽል ስሙ ጡሩምባ፣ አባል
5. (ከታች ይመልከቱ)

ጸሐፊ፦ ጸሐፊዋ ስለቀረች ከትኬት መሸጫው ተጠርቼ የመጣሁት እኔ፣ ድምፅ የሌለኝ

ያልተገኙ፦ አራት አባላት። ሦስቱ በስልክ ይቅርታ ጠይቀዋል። አራተኛው መኪናቸውን ሲያቆሙ በመስኮት ታይተው ነበር፤ መልሰው ሲያስነሱም ታይተዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከዘጠኝ መቀመጫ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ አራት ተገኘ። የአካባቢው ነዋሪዎች ተወካይ መቀመጫ ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ባዶ ነው። ሰብሳቢው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ እንዳሉ አስታወሱ። ሴትዮዋ ከስታዲየሙ አጥር ጀርባ የሚኖሩ፣ ሁለት ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ በልብስ ማጠቢያው ለተከፈተው አንድ የሥራ ቦታ አመልክተው መልስ የሚጠብቁ ናቸው። ተጠርተው ገቡና አባል ይሁኑ ተባሉ። ይህ ነገር ሥራው ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ወደ ሥራው የሚወስድ ነው አሉ። ፈረሙ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ የሠራተኞችን ተሳትፎ ስለማሳደግ

የሐሳብ መስጫው ሣጥን ቁልፉ ስለጠፋ በመዶሻ ተከፈተ። አንድ ወረቀት ተገኘ። «ሣጥኑ የመጸዳጃ ቤቱን በር ስለሚዘጋ ይነሣልን» ይላል። ሰብሳቢው ሠራተኛው ተሳትፎ መጀመሩን በአድናቆት ገለጹ። ጡሩምባ በበኩሉ ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተሰልፎ እርስ በርሱ ያጨብጭብ ሲል ሐሳብ አቀረበ። እቴቴ፣ እሳቸው ሲያጨበጭቡ ልብሱን ከማሽኑ ማን እንደሚያወጣ ጠየቁ። ጥያቄው በአስተያየት መልክ ተመዘገበ። ረጅም ውይይት ከተደረገበት በኋላ ለአሥር ደቂቃ እንዲጨበጨብ፣ ሣጥኑም ለጊዜው ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ለአካባቢው ነዋሪ የሥራ ዕድል ስለመፍጠር

እቴቴ ትከሻቸው ከታመመ ወዲህ እርጥብ ልብስ ማንሣት እንዳቃታቸው፣ አመልካቿ በሆቴል አሥራ አንድ ዓመት ልብስ ያጠቡ መሆናቸውንና ሆቴሉ በመዘጋቱ ሥራ መፍታታቸውን አስረዱ። የተቃወመ አልነበረም። ቅጥሩ ሊጸድቅ ሲል የሕግ አማካሪው የኮሚቴውን ደንብ አንቀጽ 11 አነበቡ፤ የኮሚቴው አባል በኮሚቴው ውሳኔ ሊቀጠር አይችልም።

አማካሪው ይህን ሴትዮዋ ከመፈረማቸው በፊት ለምን እንዳልተናገሩ ተጠየቁ። ያኔ አጀንዳው እንዳልተከፈተ መለሱ። ከአባልነት ይልቀቁ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ከለቀቁ ምልዓተ ጉባኤው ስለሚጎድል መልቀቂያውን የሚቀበል አካል አይኖርም ተባለ። ጡሩምባ ግማሽ አባል ይሁኑ አለ። በዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ተወያየን፤ እንደ እውነቱ ከሆነ አፈርኩ።

ወደ ድምፅ ተሄደ። ሴትዮዋ በራሳቸው ጉዳይ ድምፅ መስጠት ስለማይችሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንዲቀመጡ ተደረገ። በሦስት ድጋፍና በእቴቴ ተቃውሞ ማስታወቂያው እንደገና እንዲወጣ፣ ለሴትዮዋም ስብሰባው እንዲካሄድ ስላስቻሉ ምስጋና እንዲቀርብ ተወሰነ።

ሴትዮዋ ከግድግዳው ዞረው የመናገር ዕድል ጠየቁ፤ ተሰጣቸው።

«አባል ካላችሁኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ብወጣ ስብሰባው ይቀጥላል?»

የሕግ አማካሪው አይቀጥልም አሉ።

«እንግዲያው ደህና ዋሉ። ሦስት ሐሙስ ጠበቅኳችሁ። ልጆቼ ዛሬም ሥራ አገኘሽ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ኮሚቴ ሆንኩ ልበላቸው?»

ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። እቴቴም ተከትለው ተነሡ። ከኮሪደሩ የሰማሁት እንዲህ የሚል ነው፦ «ወዴት ነው? በዚህ በኩል ነይ እንጂ ልጄ። ማሽኑ አጥቦ ጨርሷል፤ የቅዳሜ ማልያ ገና አልተሰጣም።»

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

የሕግ አማካሪው ጉዳዩን መርምረው፣ ሴትዮዋን አባል ያደረጉት አራት ሰዎች እንደሆኑ፣ አራት ሰው ደግሞ ማንንም አባል ማድረግ እንደማይችል፣ በመሆኑም ሴትዮዋ ለአንድ ደቂቃም አባል ሆነው እንደማያውቁ አስታወቁ። ስለዚህ ስብሰባው እንዳልተካሄደ ተቆጥሮ ጭብጨባው፣ ሣጥኑ፣ ማስታወቂያውና ምስጋናው በሙሉ እንዲሰረዙ የቀሩት ሦስት ሰዎች በአንድ ድምፅ ተስማሙ።

ወዲያው ከጎረቤት ክፍል የማጠቢያ ማሽኑ ድምፅ ተሰማ። ሰብሳቢው ያልተቀጠረ ሰው ሥራ ሊጀምር ስለማይገባ ሴትዮዋ እንዲያቆሙ ይወሰን አሉ። የሕግ አማካሪው ይህ ውሳኔ እንደሚጠይቅ፣ ውሳኔውም አምስት ሰው እንደሚጠይቅ አስረዱ። ኮሪደሩ ላይ ሌላ የሚጠብቅ ሰው ካለ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ወጥቼ አየሁ፤ አግዳሚው ባዶ ነበር።

ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ሴትዮዋን ከሥራ ማስቆም አልተቻለም። 11፡25 ላይ ተበተንን። ጸሐፊው በዚህ መደሰቱ እንዲመዘገብ የጠየቀ የለም፤ ተመዝግቧል።