የኮበለለ ንብና የሕግ መምህር

ከምሳ በኋላ ሕግ ማስተማርን የሚያህል ከባድ ሥራ ያለ አይመስለኝም። ድንጋይ ፈላጭ እንኳ ይሻላል፤ ድንጋዩ አያንቀላፋበትም። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለእርሻ ተማሪዎች «ሕግና ኅብረተሰብ» የሚባል ትምህርት አስተምራለሁ፤ ያውም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ሽሮ የበላ ተማሪ፣ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ፣ እና እኔ። ማን እንደሚያሸንፍ እናንተው ገምቱት።

በየካቲት አንድ ቀን ስለ ንብረት እያስተማርኩ ግማሹ ክፍል ተኝቷል። አንዷማ ደብተሯን ትራስ አድርጋ በሰላም አርፋለች። እስቲ ልቀስቅሳቸው ብዬ፣ «ንብስ?» አልኩ። «ንብ ከቀፎው ኮብልሎ ጎረቤት ቀፎ ቢገባ የማን ነው?» የሚገርማችሁ፣ ሕግ ለንብም ያስባል። ባለቤቱ ወዲያው እግር በእግር ተከትሎ ከፈለገው የእሱ ነው፤ ትቶት ከቀረ ግን መብቱ ይላላል ብዬ ጠቅለል አድርጌ ነገርኳቸው።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ብድግ አለ። ይበልጣል ይባላል፤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይቶ የመጣ ዲያቆን ነው። ትምህርት ከጀመርን ወዲህ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

«መምህር፣ ይኼ የእውነት ሕግ ነው? ወይስ እኛን ለመቀስቀስ ያህል ነው?»

«የእውነት ነው እንጂ!»

«እንግዲያው በወረቀት ይሰጡኛል?»

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሳይገደድ ማንበቢያ የሚጠይቅ ተማሪ በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚገኘው? እንደወጣን በሩጫ ፎቶኮፒ አድርጌ ሰጠሁት። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም። ስድስት ዓመት ሕግ ተምሬ ይቺን ታህል አልጠየቅኩም።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። የይበልጣል አባት አቶ አንለይና ጎረቤታቸው አቶ ላቀው በአንድ አጥር የሚለያዩ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሳ ወዳጆች ነበሩ። በጥቅምት የአቶ አንለይ ንብ ከቀፎው ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ አቶ ላቀው አዲስ በሰቀሉት ቀፎ ገባ። አቶ አንለይ ንቤን መልስልኝ አሉ። አቶ ላቀው ደግሞ ቀፎዬን ያጠንኩት እኔ፣ ወደውኝ የመጡት እነሱ፣ ምኑን ልመልስ አሉ። አቶ አንለይ ይኼ ማጠን ሳይሆን ማማለል ነው ብለው ተቆጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ።

ይኼ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የአቶ አንለይ ልጅ የሺ ለአቶ ላቀው ልጅ ታጭታለች። የሺ እዚያው ደብረ ኤልያስ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ልጁንም ራሷ ወዳ የመረጠችው ነው። በጥር ሊሆን የነበረው ሰርግ «ነገሩ እስኪበርድ» ተብሎ ቆመ። ነገሩ ግን አልበረደም። ለወንድሟ ስትደውልለት ስለ ጤናው ከመጠየቋ በፊት «ንቡ እንዴት ሆነ?» ትለዋለች አሉ። በንብ ምክንያት ሳታገባ የቀረች ሴት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ ይበልጣል እህቱን ሊያድን ወረቀቱን ይዞ ሄደ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን አባቶች አቁሞ፣ ባማረ የዲያቆን ድምፅ አነበበላቸው። አቶ አንለይ ፊታቸው በራ፤ ተከትያለሁ፣ ሰው ሁሉ አይቷል አሉ። የአቶ ላቀውም ፊት በራ፤ የት ነው የተከተልከው፣ ጫማህን ፈልገህ፣ ዱላህን ፈልገህ፣ ጠላ ጠጥተህ አይደለም ወይ የመጣኸው አሉ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ጠባቸው በንብ ብቻ ነበር። እኔ ጫማና ጠላ ጨመርኩበት። ሁለቱም ፍርድ ቤት እንገናኝ ተባብለው ተለያዩ።

ሰኞ ጠዋት ይበልጣል ቢሮዬ በር ላይ ቆመ።

«መምህር፣ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ሽማግሌዎች ገብተዋል፤ ወረቀቱን የላከው ሰው ይምጣ ብለዋል።»

ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ። ሦስት ሽማግሌዎች አቶ ላቀው ግቢ ተቀምጠዋል፤ ንቦቹ እዚያ ስላሉ። ዋናው የይበልጣል የቅኔ መምህር መሪጌታ ሐዲስ ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣

«ልጄ፣ ይኼን የጻፈው ሰው ንብ ነበረው?» አሉኝ።

«አ… አላውቅም አባቴ።»

«እህ» አሉ። ዲግሪዬ በዚያች «እህ» አለቀች።

ቀጥለው ወደ ሁለቱ ዞሩ። «ንብረት ትላላችሁ። ከንብረት ላይ ንቡ ከሄደ ምን ቀረ? ረት! እናንተም ንቡን ረስታችሁ ማን ይረታል፣ ማን ይረታል ላይ ናችሁ።» ሽማግሌዎቹ በአድናቆት አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከሳሼ መሆናቸውን ዘንግቼ።

አቶ አንለይ ግን አልተዋጠላቸውም። «ንቤ ያውቀኛል! ወረቀትም ቅኔም አያሻም፣ እዩ!» ብለው ተነሡ። ቆይ የሚላቸው ሳይገኝ ቀፎው ሥር ደርሰው እጃቸውን ሰደዱ።

ንቡ አላወቃቸውም።

መጀመሪያ ግንባራቸውን፣ ከዚያ ጆሯቸውን፣ ከዚያ ያገኘውን ሁሉ ነደፋቸው። ሽማግሌዎቹ በየፊናቸው ሮጡ። ማን ቀድሞ ከግቢ ወጣ ብትሉኝ፣ የሕግ መምህሩ። ያልሮጡት አቶ ላቀው ብቻ ናቸው። ጋቢያቸውን ገፈው አቶ አንለይ ራስ ላይ ጣሉና፣ አቅፈው እየጎተቱ ቤታቸው አስገብተው በሩን ዘጉት።

እኛ ከአጥር ውጭ ሆነን እናዳምጣለን። የአቶ አንለይ ማቃሰት ይሰማል። ቀጥሎ አቶ ላቀው፣ «ዝም በል እስቲ! እሾኳን ላውጣልህ! አትወራጭ!» ይላሉ። ከእኛ ጋር አጥር ሥር የቆመችው የሺ ማንንም ሳታስፈቅድ በሩን ገፍታ ገባች። ወዲያው ሳቅ ሰማን። የአዛውንት ሳቅ፣ የሁለት ሰው።

ስንገባ አቶ አንለይ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል። አቶ ላቀውም እጃቸው ዳቦ አክሏል። የሺ በመሃላቸው ሆና ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች፤ ትሳቅ ታልቅስ እንጃ።

«ወረቀቱ ባይመጣ እኮ በሰላም ነበር የተጣላነው» አሉ አቶ አንለይ።

«እውነት ነው! ጥፋቱ የወረቀቱ ነው» አሉ አቶ ላቀው።

ከጥቅምት ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር የእኔ ጥፋት ነበር። መሪጌታ ሐዲስ ይቺን ቀዳዳ ያልፏታል? ወዲያው ፈረዱ። ንቡ በወደደው ይቀመጥ፤ ማሩ ለሰርጉ ጠጅ ይሁን። እኔ ደግሞ ተነሥቼ ሁለቱን ይቅርታ ልጠይቅ፣ ወረቀቱንም በገዛ እጄ ልቅደድ። ቀደድኩ። ፎቶኮፒ ስለነበር ብዙም አልከበደኝም።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። እኔም ተጠርቼ፣ ሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጬ፣ ደህና አድርጌ በላሁ።

በሰኔ የማጠቃለያ ፈተና ላይ «ሕግ በኅብረተሰብ ውስጥ ያለውን ሚና አብራሩ» ብዬ ጠየቅኩ። ይበልጣል ሁለት ገጽ ጻፈ። ሲጠቃለል፣ ሰውን የሚያስታርቀው ሰው ነው፤ ሕግ በአካባቢያችን የጠቀመው ሁለት ወገን አብሮ የሚወቅሰው ነገር ሆኖ ነው ይላል። እየሳቅኩ ከዐሥር ዘጠኝ ሰጠሁት። ለሕግ አንድም በጎ ቃል ስላልተናገረ አንዷን ቀነስኩ፤ መቼም እንጀራዬ ነው።

ውጤቱን በሰጠሁ በሁለተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ማመልከቻ አገኘሁ። ቀን አለው፣ ጉዳዩ የሚል አለው፣ የፈተና አስተራረም ደንቡን ከነአንቀጹ፣ ከነንዑስ አንቀጹ ጠቅሷል። ግልባጩም ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። የቀነስኳት ነጥብ ትመለስልኝ ይላል። አስጠራሁት።

«ይበልጣል፣ ለአንድ ነጥብ ይኼ ሁሉ? ሁለት ሰው አስቀምጠን በሽምግልና እንጨርሰዋ!»

አንገቱን በትሕትና ደፋ።

«አይ መምህር» አለኝ፤ «ሽምግልና ለዘመድ ነው። ከእርስዎ ጋር በሕጉ ይሻለናል።»