የቶልቫር ክለብ ሐበሾች

ስም በማውጣት የሚስተካከለን ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። አንድ ሕፃን ሲወለድልን አባት አንድ ያወጣል፣ እናት ሌላ ታወጣለች፣ አያት «ይኼማ አይሆንም» ብላ ሦስተኛ ትጨምራለች፣ የክርስትናው አራተኛ ይሆናል። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ በየትኛው ቢጠሩት እንደሚዞር ራሱም አያውቀውም። ይህ እንግዲህ ለአንድ ሕፃን ነው። ለአሥራ አንድ ጎልማሳ፣ ለአምስት ተጠባባቂና ለዘጠኝ የኮሚቴ አባላት አንድ ስም ማውጣት ምን እንደሚመስል እርስዎ ይገምቱት። እኔ መገመት አያስፈልገኝም፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ የሆነ ነው። ፋልከንሪጅ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች የኳስ ቡድን አቋቋምን። አቋቋምን ስል ሊቀ መንበር መረጥን ማለቴ ነው፤ ኳሱ የተገዛው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሊጉ ግን «ቦታ ሞልቷል፣ አዲስ ቡድን አልቀበልም» አለን። የኮሚቴ ሥልጣናችንን ይዘን ሜዳ አጥተን ስንንከራተት፣ በረኛችን አሕመድ በታክሲው የሚያመላልሳቸውን አንድ ሃንጋሪያዊ ሽማግሌ አመጣልን። ላዮሽ ይባላሉ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ነው የሚኖሩት። ሽበት በቋንቋ አይወሰንምና እኛ ጋሽ ላዮሽ አልናቸው።

ጋሽ ላዮሽ በወጣትነታቸው የሩስያ ታንክ አገራቸው ሲገባ ቶልቫር ከምትባል የክፍለ ሀገር ከተማ የወጡ ናቸው። ከተማዋን ካርታ ላይ ፈልጌ አጥቻታለሁ። ካልጋሪ ሲደርሱ ከአገራቸው ልጆች ጋር ሆነው የከተማቸውን ክለብ በዚያው ስም እንደገና አቋቋሙ። አገር ቤት የቀረውን ክለብ መንግሥት ከሌላ ጋር ቀላቅሎ ስሙን ስላጠፋው፣ ቶልቫር የሚባል ክለብ በዓለም ላይ የተረፈው በካልጋሪ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ብቻ ነበር። ከተጫዋቾቹም ገሚሱ ጉልበቱ፣ ገሚሱ ዕድሜው አልቋል። ሰው የሌለው ስም እሳቸው ጋ፣ ስም የሌለው ሰው እኛ ጋ ነበር።

«ቡድኑን ውሰዱት» አሉን። «ስሙን ግን አትንኩብኝ። ደግሞ በየዓመቱ ውድድር ሳይጀመር ቤቴ መጥታችሁ የክለቡን ታሪክ ትሰማላችሁ።»

ሊቀ መንበራችን አቶ ታደሰ ደረታቸውን መትተው ቃል ገቡ። ደረት መምታት ላይ ማንም አይደርስባቸውም።

ታሪኩ አንድ ወፍራም ደብተር ነበር። በየዓመቱ በረዶው ቀለጠ ስንል ምድር ቤታቸው ውስጥ እንደረደራለን፣ ጉላሽ የሚሉት የሥጋ ወጣቸው ሽታ ከላይ ይመጣብናል (አሳማ እንደሌለበት አሕመድ በየዓመቱ ይጠይቃል፣ እሳቸውም በየዓመቱ ይምላሉ)፣ ከዚያ ከሃንጋሪኛ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሱ ያነቡልናል። እውነቱን ልንገርዎት? እንደዚያ ያለ የተልፈሰፈሰ ታሪክ ሰምቼ አላውቅም። ክለቡ አንዲት ዋንጫ አልበላም። የተሸነፈበት ምክንያት ግን ሞልቶታል፦ ነፋስ፣ ጭቃ፣ የዳኛው አማች። አንድ ጊዜ ዋንጫ ሊወስዱ ተቃርበው፣ ዳቦ ጋጋሪ የነበረው በረኛቸው በእረፍት ሰዓት ዳቦው እንዳያርበት ሊያይ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። እዚህ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ሳቃችንን ለመዋጥ አቀርቅረን ጫማችንን እናያለን።

አንድ ነገር ግን ያስቀናኝ ነበር። ማሊያ ሲቀይሩ፣ አሠልጣኝ ሲያባርሩ፣ ያንን ዳቦ ጋጋሪ ይቅር ሲሉ፣ ደብተሩ ሁልጊዜ «አባላቱ በአንድ ድምፅ ወሰኑ» ይላል። በአንድ ድምፅ! እኛ የካልሲ ቀለም ለመምረጥ ሦስት ስብሰባ ፈጅተን መጨረሻው ላይ ሁለት ዓይነት ካልሲ የገዛን ሰዎች ነን። «መሠልጠን ማለት ይኼ ነው፤ የእኛ ሰው መቼም አይማር» እያልኩ እመለስ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ሳናስበው ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አደግን። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ።

«እስከ መቼ ነው በሰው ስም የምንጫወተው?» አሉ አቶ ታደሰ። «ልጆቼ ‹ዳድ፣ ቶልቫር ምንድነው?› ሲሉኝ ምን አንሰር ልስጣቸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ለሰውዬው ፕሮሚስ አድርገናል እኮ!» አለ አሕመድ።

«ፕሮሚሱ ለሦስተኛ ዲቪዚዮን ነበር!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ተጨበጨበለት።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይኼ ነው። ስሙ ይለወጥ የሚለው ከአሕመድ በስተቀር በሙሉ ድጋፍ አለፈ። እጄን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ፣ አልደብቅዎትም። ቀጥሎ አዲሱ ስም ማን ይሁን ተባለ። «ዋልያ» ሲባል «ዋልያ ያለው አንድ ክፍለ ሀገር ነው፣ የሌላው እንስሳ ምን አጠፋ?» ተባለ። «አንበሳ» ሲባል «ንጉሡን ልትመልሱ ነው?» ተባለ። «ኮከብ» ሲባል «የትኛው ኮከብ? የባንዲራው?» ተባለና ሁለት ሰዎች ጃኬታቸውን አነሱ። «አንድነት» ሲባል ስብሰባው ተበተነ።

አራት እሑድ ተሰበሰብን። በአራተኛው አንድ ወንበር ተሰበረ፣ ሁለቱ አጥቂዎቻችንም ሰላምታ አቆሙ። የሊጉ ምዝገባ የሚዘጋው በማግስቱ ሰኞ ነበር። ሰኞ ጠዋት ቅጹን ይዤ ሄድኩና ሌላ የምጽፈው ስላልነበረኝ የስሙ ቦታ ላይ «ቶልቫር» ብዬ ሞላሁ።

ከዚያው በቀጥታ ጋሽ ላዮሽ ቤት ሄድኩ። ስሙ ሊለወጥ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ግድግዳው ላይ ይሰቀል የነበረው የክለቡ ባንዲራ ወርዶ፣ ተጣጥፎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። ምን ትላለች አልኳቸው።

«የቶልቫር ክለብ ታሪክ እዚህ ላይ አበቃ» ብለው አነበቡልኝ። «በእርሳስ የጻፍኩት እጄ እምቢ ስላለኝ ነው።»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ኧረ ስሙ እንዳለ ነው፣ አሁን አስመዝግቤው መጣሁ» አልኳቸው።

«ወደዱት ማለት ነው?» አሉ፣ ቀና ብለው።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ያቺን የእርሳስ መስመር እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ እኔም እጄን ማውጣቴን፣ ዋልያውን፣ ኮከቡን፣ ወንበሩን። ስሙ የተረፈው ስለወደድነው ሳይሆን በሌላ መስማማት ስላቃተን መሆኑን ነገርኳቸው።

ስጨርስ ላጲስ አመጡና ያቺን መስመር ፈትገው አጠፏት፣ ፍርፋሪውንም እፍ አሉት። ከዚያ ብዕር አንስተው ረጋ ብለው ጻፉና አነበቡልኝ፦ «በዚህ ዓመት አባላቱ የክለቡ ስም ባለበት እንዲቆይ በአንድ ድምፅ ወሰኑ።»

«ጋሽ ላዮሽ፣ አሁን ነገርኩዎት እኮ!»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ቶልቫር ሳለን የክለቡ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ከእኔ በፊት አባቴ ነበር። ያንን ወንበር ስንቴ እንደሰበርነው ብነግርህ አታምነኝም።»

ብዕሩን አቀበሉኝና «አሁን ጸሐፊው አንተ ነህ፤ ከሥሩ በፊደላችሁ ድገመው» አሉ። ደገምኩት፣ ፈረምኩበትም። ከዚያ ባንዲራውን እኔ በአንድ ጫፍ እሳቸው በሌላው ይዘን መልሰን ሰቀልነው።

ያ መስመር ከነፊርማዬ እስከ ዛሬ አለ። ያነበበው ሁሉ «ሐበሻ እንዲህ ይስማማ ነበር እንዴ?» እያለ ይቀና ይሆናል።