የጀልባዋ አፍንጫና የጋሽ ቶሎሳ አፍ

ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው የተረቱ አባቶቻችን ካድሬ የሚባል ፍጡር ሳያዩ ያለፉ ዕድለኞች መሆን አለባቸው። በእኛ ጊዜ በተዘጋ አፍ ዝንብ ባይገባም፣ የአፉ ባለቤት እስር ቤት ይገባ ነበር። የዛሬ ልጆች ስናወራላቸው ሰው የሚታሰረው ስለ ተናገረ ብቻ ይመስላቸዋል። እሱማ በየዘመኑ ያለ ነው፤ ምን ይደንቃል? እኔ የማጫውታችሁ ዝም በማለቱ ስለ ታሰረ ሰው ነው።

ሰውየው ጋሽ ቶሎሳ ይባላሉ። ትውልዳቸው ሁሩታ፣ ኑሯቸው ናዝሬት፣ እንጀራቸው ቆቃ። (ናዝሬት ማለቴን እለፉልኝ፤ ያኔ አዳማን የምንጠራት እንደዚያ ነበር።) ሁለታችንም የአንድ መሥሪያ ቤት መካኒኮች ነበርን፤ እሳቸው አለቃ፣ እኔ ከሥራቸው። ጠዋት ጠዋት አይፋ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን ወደ ቆቃ ስንወርድ ሌላው ስለ ቀበሌ ስኳር ወረፋ ያወራል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጴንጤ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ በየሰዉ ቤት ተሰብስበው የሚዘምሩት በሹክሹክታ ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ የሚዘመር መዝሙር ምን ዓይነት ዜማ ይኖረዋል ትሉኝ ይሆናል። አንድ ቀን በራቸው ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ ያሳዝናል፣ ደግሞም ደስ ይላል።

የጋሽ ቶሎሳ ችግር አንድ ነበር፤ መፈክር አይሉም። ሥሩ ሲሏቸው ይሠራሉ፣ አዋጡ ሲሏቸው ያዋጣሉ፣ ስብሰባ ሲጠሩ ከሁሉ ቀድመው ተገኝተው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። «ከሁሉም በላይ አብዮት!» ሲባል ግን ግራ እጃቸው አይነሳም፣ አፋቸውም አይከፈትም። አንድ ጊዜ ለብቻችን ሆነን ብጠይቃቸው፣ «ከሁሉም በላይ የምለው አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ ለሌላ አልሰጥም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሰው በቃሉ ሲቆም አጠገቡ መቆም ያስፈራል፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

አሁን ወደ ጀልባዋ። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በእርዳታ የተላከች የብረት ጀልባ ነበረችን፤ በቆቃ ግድብ ሐይቅ ላይ የምትሠራ። ከኋላ እንደማንኛውም ሞተር ጀልባ የሚገፋት ፕሮፔለር አላት። ከፊት ደግሞ፣ አፍንጫዋ ሥር፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተበስቶ ያለፈ ቱቦ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፕሮፔለር ተሰክታለች። የዚህችኛዋ ሥራ ጀልባዋን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳትል ወደ ጎን ማንሸራተት ነው። «ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የለም» በሚባልበት ዘመን ወደ ጎን መንሸራተት የሚያስችል ዕቃ እንዴት ያለ በረከት እንደሆነ አስቡት! ብዙዎቻችን ያን ዘመን ያለፍነው በዚያው ዘዴ ነው።

ታዲያ ለአብዮት በዓል አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥተው በጀልባዋ ሐይቁን ይጎበኛሉ ተባለ። በዚያው ሰሞን የዓሣ አጥማጅ መረብ በቱቦው ገብቶ ትንሿን ፕሮፔለር ተብትቦ ያዛት። መረቡን ለማውጣት ፕሮፔለሯን ከዘንጓ መንቀል ያስፈልጋል። ፕሮፔለሯ ደግሞ መጀመሪያ የገጠማት ሰው ግራሶ ነፍጓት ኖሮ ዝጋ ከዘንጓ ጋር አንድ ሥጋ ሆናለች። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ደምሰው፣ በዕድሜ የጋሽ ቶሎሳ ልጅ ሊሆን የሚችል ቀጭን ጎረምሳ፣ መጥቶ አየና «ይኼ አሻጥር እንዳይሆን» አለ። አሻጥር የምትለው ቃል ያኔ ቀላል አልነበረችም። ጋሽ ቶሎሳን አየት አድርጎ ነው የተናገራት።

ጀልባዋን ወደ ዳር ስበን አወጣናት። ጋሽ ቶሎሳ ከግራ በኩል እጃቸውን ወደ ቱቦው ሰደው ባለ ሦስት እግሩን መንቀያ ፕሮፔለሯ ላይ አጠለቁ። እኔ ከቀኝ በኩል ረጅም ብረት አስገብቼ ጀርባዋ ላይ አስደገፍኩ። እሳቸው መንቀያውን ባጠበቁባት ቅጽበት እኔ ብረቱን በመዶሻ መምታት አለብኝ። ቀድሜ ብመታ ዋጋ የለውም፣ ብዘገይም ዋጋ የለውም። መሃላችን የጀልባዋ አፍንጫ ስላለ አንተያይም፤ የሚያገናኘን ድምፅ ብቻ ነው። ጋሽ ቶሎሳ እንደ ልማዳቸው «ቶኮ… ለማ… ሰዲ!» ብለው በኦሮምኛ መቁጠር ጀመሩ፤ በሦስተኛው እመታለሁ።

ጓድ ደምሰው አስቆመን። «ይኼ አቆጣጠር ንቃት ይጎድለዋል» አለ። ቁጥር ንቃት እንደሚጎድለው የሰማሁት ያን ቀን ነው። «በመፈክር ይሁን። ‹ከሁሉም በላይ› ስትሉ ተዘጋጁ፣ ‹አብዮት› ስትሉ ምቱ!»

እንግዲህ አስቡት። ዙሪያውን የቆመው ሠራተኛ ያስተጋባል፣ እኔም ጉሮሮዬ እስኪነቃ እጮኻለሁ፤ ከወዲያ በኩል ግን ምንም የለም። ግማሹ «አብዮት» ላይ ሲደርስ ግማሹ ገና «በላይ» ላይ ነው። በየትኛው ልምታ? መዶሻው ሁልጊዜ ወይ ይቀድማል ወይ ይዘገያል። ፕሮፔለሯ ንቅንቅ አላለችም።

ጓድ ደምሰው ወደ ግራ በኩል ዞረ። «ጓድ ቶሎሳ፣ አፍህን ምን ነካው?» (አንቱታ በአብዮቱ ቀርቷል።) ጋሽ ቶሎሳ ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩት። ቅድም ሲቆጥሩ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን የፕሮፔለሯን መቆለፊያ ፒን እንዳይጠፋ በጥርሳቸው ነክሰውታል። መካኒክ ሁለት እጁ ሲያዝ ብሎኑንም ፒኑንም አፉ ውስጥ ማቆየቱ በየጋራዡ ያለ ወግ ስለሆነ ምንም ማለት አልቻለም።

ወዲያው ከወዲያ በኩል በብረቱ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጋሽ ቶሎሳ የቱቦውን ግድግዳ በመፍቻ እያንኳኩ ነው። ገባኝ። አፌ መፈክሩን እየጮኸ ጆሮዬን ለኳኳታው ሰጠሁ። በሦስተኛው ኳ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁ። ፕሮፔለሯ እንደ ጥይት ጮኻ ተላቀቀች።

ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ እልልታ! ጓድ ደምሰው ደስታው ልክ አጣ፤ ያላቀቃት መፈክሩ እንደሆነ አንድም ጥርጣሬ አልነበረውም። «የድሉን መፈክር ጓድ ቶሎሳ ይመራናል!» ብሎ ፕሮፔለሯን አስያዛቸው። ጋሽ ቶሎሳ ፒኑን ከአፋቸው አውጥተው በጨርቅ ጠረጉትና ለእኔ ሰጡኝ። አሁን አፋቸው ባዶ ነው። በልቤ፣ ምናለ አንዴ ብለውት ቢያልፉ፣ እታገኝንና ልጆቹን ቢያስቡ እያልኩ ለመንኳቸው። እታገኝ ሚስታቸው ናት፤ የመጨረሻውን ልጅ ገና ታጠባ ነበር።

«ልጄ» አሉት በዝግታ፣ «እጄን ጠይቀኸኝ ሰጥቼሃለሁ። አፌን ግን አልሰጥህም።»

ከሰዓት በኋላ ጂፕ መጥቶ ወሰዳቸው።

መረቡ ወጣ፣ ፕሮፔለሯም ተመልሳ ተገጠመች። ባለሥልጣኑም መጡ። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ ሲሏቸው ዳር ላይ ቆመው እጃቸውን አወዛወዙና ወደ ቢሾፍቱ ነዱ። ጀልባዋ ከነባንዲራዋ እዚያው ታስራ ዋለች። እታገኝ ልጇን አዝላ ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። እንደዚህ ያለ ነገር ሲገጥም ሰው የሚስቅበት ወይም የሚያለቅስበት ይጠፋዋል። እኔ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ጋሽ ቶሎሳ ከዓመት በላይ ቆይተው ተፈቱ። ወደ መሥሪያ ቤቱ አንመልስም ስላሏቸው ናዝሬት ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ከፈቱ፤ እኔም ሲመቸኝ እያገዝኳቸው እውል ነበር። አንድ ቀን ሁለታችን የጭነት መኪና ሥር ተጋድመን ስንሠራ የጓድ ደምሰው ነገር ተነሳ። እሱም በኋላ በገዛ ጓዶቹ አድኃሪ ተብሎ መታሰሩን ሰምቼ ነበርና የት እንደ ደረሰ ጠየቅኳቸው።

«እኛ ክፍል ነው ያመጡት» አሉ። «እንዴት ያለ ክፍል መሰለህ! በጎን ነው የምንተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ልጁ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ግማሹን ሰው ያሳሰረው እሱ ነው፤ ማን ቀና ብሎ ይየው?»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹ና ልጄ፣ እዚህ ጠጋ በል፣ ቦታ አለ› አልኩት።»

«ቦታ ነበረ እንዴ?»

ጋሽ ቶሎሳ ብሎኑን ማጥበቃቸውን ሳያቋርጡ «አልነበረም» አሉኝ።